ጀልባው ላይ እንግዳ ነህ ወይስ ሠራተኛ? የሁለት ዓመት የባህር ጉዞ የሕክምና ኢንሹራንስ ለጠየቅከው ወንድሜ

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ሌላውም ሰው እንዲገባው ባጭሩ ላስቀምጠው። ከባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ማሪታይም ተመርቀህ በጭነት መርከብ ሁለት ኮንትራት ጨርሰሃል፣ አሁን ደሞ ጡረታ የወጡ ሆላንዳዊ ባልና ሚስት በ13 ሜትር የሸራ ጀልባቸው ከግሪክ ተነስተው በካናሪ ደሴቶች አድርገው አትላንቲክን ተሻግረው ካሪቢያን ሊከርሙ ስለሆነ ለሁለት ዓመት አብረኸን ሁን ብለውሃል። ምግብና መኝታ ከነሱ፣ በወር 500 ዩሮ የኪስ፣ ኢንሹራንስ ግን ራስህን ቻል። አንዱ ድርጅት በዓመት 2,400 ዶላር ሲልህ ደነገጥክና "ከዚ የረከሰ የለም ወይ፣ ከጨጓራ በቀር ምንም የለብኝም" አልክ። በመጨረሻም እጮኛህ ካሪቢያን ላይ ብትቀላቀልህስ ብለሃል፣ ስለ እናትህም ጠይቀሃል።

የረከሰ አለ፣ ለምን ይጠፋል። ግማሽ ዋጋም ከግማሽ በታችም አለ፣ ስልክህን አውጥተህ ሻይህ ሳይቀዘቅዝ ገዝተህ መጨረስ ትችላለህ። ችግሩ እሱን ከገዛህ በኋላ ጣትህ ቢቆረጥ የሚከፍልልህ ላይኖር ይችላል፣ ምክንያቱም ዋጋ ከመጠየቅህ በፊት መጠየቅ የነበረብህን ዘለልከው፣ እሱም "እኔ እዛ ጀልባ ላይ ምን ነኝ?" የሚለው ነው።

እኔ እንዳንተው ማሽን ክፍል ውስጥ አምስት ዓመት ላቤን አንጠፍጥፌ፣ ከዛ ስድስት ዓመት ኢንሹራንስ ቤት የካሳ ጥያቄ ፋይል ሳገላብጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ አሁን እዚሁ ባህር ዳር ሆኜ ወደ ባህር ለሚወጡ ልጆች ውል አነብላቸዋለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ያየሁት አብዛኛው ውድቅ የሆነ ክሌም፣ የካሳ ጥያቄ ማለቴ ነው፣ ሰውየው ርካሽ ስለገዛ አይደለም የወደቀው፣ ሌላ ሰው የሚገዛውን ስለገዛ ነው።

በጭነት መርከብ ስትሠራ ስለ ኢንሹራንስ አስበህ የማታውቀው ለምን እንደሆነ ታውቃለህ? ሌላ ሰው ስላሰበልህ ነው። እ.ኤ.አ. የ2006ቱ የባህር ሠራተኞች ስምምነት፣ እኛ ኤምኤልሲ የምንለው፣ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2013 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው፣ እና መርከብ ላይ ብትታመም ወይ ብትጎዳ ሕክምናህን፣ መድኃኒትህን፣ ከቤትህ ርቀህ የምትበላበትንና የምታድርበትን የሚከፍለው ባለመርከቡ ነው። አገሩ ሕግ አውጥቶ ይሄን ግዴታ በጊዜ ሊገድበው ይችላል፣ ግን ከተጎዳህበት ወይ ከታመምክበት ቀን ጀምሮ ከ16 ሳምንት ማሳነስ አይችልም። ከባለመርከቡ ጀርባ ደሞ ፒ ኤንድ አይ ክለብ የሚባለው አለ። እሱን ለእናቴ ሳስረዳት "የባለመርከቦች እድር ነው" ነው ያልኳት፣ ቀልዴን አይደለም እውነትም እንደዛ ነው፣ ባለመርከቦቹ ያዋጣሉ፣ አንዱ ላይ ሲደርስ ከጋራው ይከፈላል፣ ዓመቱ የከፋ ከሆነ ደግማችሁ አዋጡ ይባላሉ።

ይሄ ስምምነት ግን የሚሠራው ለንግድ ሥራ በተሰማሩ መርከቦች ላይ ነው። ባልና ሚስት ለራሳቸው መዝናኛ የሚነዱት የግል ጀልባ ከሱ ውጪ ነው። ቻርተር የሚሠራ፣ ማለትም እንግዳ በክፍያ የሚያሳፍር ያክት (የመዝናኛ ጀልባ) ቢሆን ኖሮ ጨዋታው ሌላ ነበር። ስለዚህ ያቺ 500 ዩሮ ደስ ትበል እንጂ በጣም መጥፎ ቦታ ላይ ነው ያስቀመጠችህ። ስምምነቱ "አንተን አላውቅህም" ይልሃል፣ ርካሹ የቱሪስት ኢንሹራንስ ደሞ "አንተማ ደሞዝተኛ ነህ" ይልሃል።

አንድ አብሮኝ የሠራ ልጅ ላይ የደረሰውን ልንገርህ። ጀልባ ከአንድ ወደብ ወደ ሌላ ለማድረስ ተቀጥሮ ካናሪ ላይ ሸራ ሲስብ ገመዱ አውራ ጣቱን ዊንቹ፣ የገመድ መጠቅለያው፣ ላይ ጠቀለለበት። ጣቱ ተረፈ፣ ኦፕራሲዮን ግን ነበረው። ኢንሹራንሱን በኢንተርኔት የገዛው ነው፣ ስሙን አልጠራውም፣ ፎርሙ ላይ "አደጋው ሲደርስ ምን እያደረጉ ነበር?" የሚል መስመር አለ፣ ልጁ ምን ብሎ ሞላ መሰለህ፣ "ሥራዬን"። አንዲት ቃል ናት። የደወለለት የኢንሹራንሱ ሰው እጅግ ትሁት ነበር፣ ስለ ጣቱ አዘነለት፣ ከዛ በወር ስንት እንደሚከፈለው ጠየቀው፣ በሳምንቱ ውድቅ መሆኑን የሚገልጽ ኢሜይል መጣ። ውሉ ላይ "በክፍያ የሚሠራ የጉልበት ሥራ አይሸፈንም" የሚል አለ፣ አራተኛው ገጽ ላይ። ልጁ ዋሽቶ ቢሆን ኖሮ ይከፈለው ነበር እንዳትለኝ፣ እንደዛ ያደረጉም አይቻለሁ፣ ከባለጀልባው ጋር የተጻጻፉት መልእክት ሲመረመር ሙሉ ውሉ ነው የሚፈርሰው፣ በማታለል ደሞ ስምህ ይያዛል።

ስለዚህ ዛሬውኑ ለሰዎቹ ጻፍላቸው። እንደ ልመና አታድርገው፣ ሆላንዳዊ ሰው ግልጽ ጥያቄ አያስቀይመውም። ጀልባው የተመዘገበው በግል ነው በንግድ? የጀልባው ኢንሹራንስ ውስጥ ለተሳፋሪና ለሠራተኛ ጉዳት የሚከፍል ክፍል አለው? ካለው የሚከፈለውን ሠራተኛ ያጠቃልላል ወይስ ያስወጣል? ስንት ሰው ተሳፍሮ ውቅያኖስ ሊሻገር ነው የተፈቀደው? መልሱን በቃል ሳይሆን የውሉን ገጽ ፎቶ አንስተው ይላኩልህ። ብዙ የግል ጀልባ ባለቤቶች ሌላ ሰው ቢጎዳ የሚከፍል ኢንሹራንስ አላቸው፣ ደሞዝ ለሚከፈለው ሰው ግን ተጨማሪ ካልተከፈለ አይሠራም የሚሉ ውሎች ሞልተዋል፣ ባለቤቶቹ ራሳቸው አያውቁትም።

መልሱ "አይሸፍንም" ከሆነ እኔ ብሆን የምጠይቃቸው የኪሱን ገንዘብ ቀንሰው አረቦኑን፣ የኢንሹራንሱን ክፍያ ማለት ነው፣ ራሳቸው እንዲከፍሉ ነው። የዓመቱ 2,400 ዶላር የአምስት ወር የኪስ ገንዘብህን አይሞላም፣ ለሁለቱ ዓመት 4,800 ቢሆንም አንተ አብረሃቸው የምትሆነው ለ24 ወር ነው። ከዛ በላይ ደሞ አንተ ማሽን የምትጠግን ሰው ነህ፣ ውቅያኖስ መሃል ጄኔሬተር ሲቆም ዋጋህን ያውቁታል፣ ትንሽ ኮራ በል።

እንግዲህ ሠራተኛ ነኝ ብለህ ስትፈልግ ለያክት ሠራተኞች ተብለው የተዘጋጁ ውሎች አሉ፣ አይኤምጂን የመሳሰሉ ድርጅቶች ለባህር ሠራተኛ ብቻ የሚሸጡት አላቸው፣ ከቱሪስቱ ይወደዳሉ። የቱሪስቱና አገር ለአገር እየዞረ በኢንተርኔት የሚሠራው ሰው ዓይነት በአራት ሳምንት ሂሳብ የሚከፈል ላንተ ዕድሜ ከመቶ ዶላር በታች ይገኛል፣ አየህ ያማለለህ እሱ ነው። ሦስተኛው ዓይነት ውጭ አገር ለሚኖር ሰው የሚሸጠው የዓመት የጤና ኢንሹራንስ ነው፣ 2,400 የተባልከው ከዚህ ዘር ይመስለኛል፣ ውሉን ስላልላክልኝ ግን አልፈርድም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ወጥመድ፣ ርቀት። "ሴይሊንግ (በሸራ ጀልባ መጓዝ) ይሸፍናል" ሲሉህ የት ድረስ በላቸው። ብዙ የጉዞ ኢንሹራንስ ከባህር ዳርቻ 12 ማይል ድረስ ብቻ ነው የሚያውቅህ፣ የአንድ አገር የባህር ክልል እስከዛ ስለሆነ። የባህር ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ነው፣ ስለዚህ 12 ማይል ወደ 22 ኪሎ ሜትር ነው። የኛ ጣና በረጅሙ በኩል 84 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከባህር ዳር ወደብ ተነስተህ ወደ ጎርጎራ ስትቀዝፍ የሐይቁን ሩብ ገና እንዳለፍክ ኢንሹራንስህ "በል ቻው" ብሎህ ይመለሳል ማለት ነው። ከካናሪ እስከ ካሪቢያኗ ደሴት ሴንት ሉሲያ ደሞ 2,700 ማይል ነው፣ 5,000 ኪሎ ሜትር፣ በሸራ ጀልባ ሦስት ሳምንት አካባቢ። ጉዞህ ሙሉው ከ22 ኪሎ ሜትር ውጪ ነው'ኮ!

ስለዚህ "ውቅያኖስ ማቋረጥ ይሸፈናል ወይ" ብለህ በኢሜይል ጠይቀህ በኢሜይል መልስ ያዝ። የቻት ልጅ "የስ ሰር" ቢልህ ስክሪንሹት አድርገው፣ ግን አትመነው፣ ውሉ ላይ የተጻፈበትን አንቀጽ ቁጥር እንዲነግርህ ጠይቅ። በጥያቄው ብቻ የሚደነግጥ ድርጅት ካጋጠመህ ሌላ ፈልግ።

ለሸንገን ቪዛ የምታወጣውን ደሞ ከዚህ ጋር አታቀላቅለው። ቪዛው ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የሕክምና ኢንሹራንስ ይፈልጋል፣ እሱን አዲስ አበባም እዚህም ያሉ ኢንሹራንስ ድርጅቶች ይሰጡሃል፣ ኤምባሲውን ለማለፍ ነው፣ ለዛ ይበቃል። ጀልባው ላይ ከወጣህ በኋላ ያቺ ወረቀት ብዙም አትረዳህም። ሌላም አለ፣ "የዓመት" ተብሎ የሚሸጥ የጉዞ ኢንሹራንስ ዓመቱን ሙሉ ከአገርህ ውጪ ትቆያለህ ማለት አይደለም፣ በዓመት ውስጥ ደጋግመህ ትወጣለህ፣ አንዱ ጉዞ ግን ከ31 ወይ ከ60 ወይ ከ90 ቀን አይበልጥም ማለት ነው። በሦስተኛው ወር ላይ አንተ ሳታውቀው ባዶ ነህ፣ ስንቱ ተበልቶበታል።

ሰው ሁሉ የሚፈራው ባህር መሃል መታመምን ነው፣ ለሱ የሚሸጥልህ ተጨማሪ ነገርም አይጠፋም። ልብ በል፣ ውቅያኖስ መሃል በገንዘብ የሚመጣ ሐኪም የለም። ሄሊኮፕተር ከባህር ዳርቻ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ነው የሚርቀው፣ ከዛ ወዲያ የሚደርስልህ በአቅራቢያህ የሚያልፍ የጭነት መርከብ ነው፣ አንተም በጭነት መርከብ ሳለህ ለሌላው ትሄድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 የተፈረመው የፍለጋና የነፍስ አድን ስምምነት ዜግነትህን ሳይጠይቅ ሰውን አድኑ ይላል፣ ለነፍስህ ሂሳብ አይላክልህም፣ ጀልባውን ለማትረፍ ነው ገንዘብ የሚጠየቀው፣ እሱ የባለቤቶቹ ጉዳይ ነው።

ምክር ደሞ በነጻ አለ። ሮም ውስጥ ቺርም የሚባል ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ የየትም አገር ባንዲራ ላለው መርከብ በሬዲዮና በስልክ የሕክምና ምክር ይሰጣል፣ ያለ ክፍያ። ፈረንሳዮቹ ቱሉዝ ላይ፣ ጀርመኖቹም በአገራቸው ተመሳሳይ አላቸው። እኔ ተጠቅሜበታለሁ። ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ማሽን ክፍል ውስጥ እያለሁ ጎኔን በቢላ የወጋኝ መሰለኝ፣ ፓምፑን አቅፌ ቁጭ አልኩ። ተሸክመው አወጡኝ። ካፒቴኑ በሳተላይት ስልክ ሮም ደወለ፣ ሁለተኛ መኮንኑ ሐኪሙ እንዳዘዘው እምብርቴ ላይ በእስክሪፕቶ መስቀል ሠርቶ ሆዴን አራት ቦታ ከፈለው፣ ከታች በቀኝ በኩል ቀስ ብለህ ተጫን፣ አሁን በድንገት ልቀቅ፣ ጮኸ? ሽንቱን በብርጭቆ አድርግና ወደ ብርሃን አንሳው፣ ቀላ? ትርፍ አንጀት አይደለም፣ የኩላሊት ጠጠር ነው ተባለ። ከመርከቡ የመድኃኒት ሣጥን ዲክሎፌናክ ተወጋሁ፣ የወጋኝ መኮንን እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ በኋላ ሲነግረኝ ኮርሱ ላይ መርፌ የተለማመደው ብርቱካን ላይ ነው። ከአራት ቀን በኋላ ወደብ ስንገባ ኤጀንቱ፣ የመርከቡ ወኪል፣ መኪና ይዞ ቆሞ ነበር፣ ሆስፒታሉን አምስት ሳንቲም ሳልከፍል ወጣሁ። የከፈለው ያ ያልኩህ እድር ነው። አንተ ግን ወደብ ስትገባ የሚጠብቅህ ኤጀንት የለም፣ ስለዚህ ኢንሹራንስ የምትገዛው ከወደቡ ጀምሮ ላለው ነው። ለባህሩ የሚያስፈልግህ የሳተላይት ስልክ ወይ መገናኛ፣ ጥሩ የመድኃኒት ሣጥንና የቺርም ቁጥር ግድግዳው ላይ መለጠፉ ነው። ሰዎቹን ይሄንንም ጠይቃቸው።

ወገብህን የሚሰብረው ወጪ ታድያ የቱ ነው? ከትንሽ ደሴት ወደ ትልቅ ሆስፒታል በአውሮፕላን መወሰድ ነው። ካሪቢያን ላይ ብዙ ደሴት ክሊኒክ አለው፣ የጭንቅላት ኦፕራሲዮን ግን የለውም፣ ወደ ማርቲኒክ ወይ ባርቤዶስ ወይ ማያሚ ይወስዱሃል፣ ኤር አምቡላንስ ደሞ በአስር ሺዎች ዶላር ነው ሂሳቡ። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ብትቆርጥ "ኢቫኩዌሽን" የሚለውን እንዳትቆርጥ። የአስከሬን መመለሻውንም እንደዛው። ስለ ሞት ማውራት ደስ አይልም፣ የቀበሌያችን እድር ድንኳንና ንፍሮ ይችላል፣ ከሴንት ሉሲያ ሬሳ ማምጣት ግን አይችልም፣ ይሄን ጉድ ቤተሰብ ላይ ጥሎ የሄደ ሰው ፋይል በእጄ አልፏል፣ መዋጮ ለመሰብሰብ ሦስት ሳምንት ፈጀባቸው።

ዋጋውን የምታወርደው እዚህ ጋ ነው። መጀመሪያ አሜሪካን አስወጣ። "መላው ዓለም ከአሜሪካ በስተቀር" የሚለው ውል በጣም ይረክሳል፣ የአሜሪካ ሆስፒታል ሂሳብ ስለሆነ ሁሉንም የሚያስወድደው። ግን ተጠንቀቅ፣ ፖርቶ ሪኮና የአሜሪካ ቨርጂን ደሴቶች ብዙ ውል ላይ አሜሪካ ናቸው፣ ካሪቢያን መሃል ቁጭ ብለው! ሰዎቹ እዛ ይቆማሉ ወይ ብለህ ጠይቅ፣ የሚቆሙ ከሆነ ለዛች ወር ብቻ ተጨማሪ የሚሸጥ ፈልግ። ኢቫኩዌሽኑም "በቅርብ ወዳለ በቂ ሆስፒታል" ይላል፣ ያ ሆስፒታል ማያሚ ከሆነና ውልህ አሜሪካን ካስወጣ ማን ይከፍላል? ይሄን ጥያቄ የሚጠይቅ ደንበኛ በስድስት ዓመት ሁለት ሰው ነው ያየሁት።

ቀጥሎ ከኪስህ መጀመሪያ የምትከፍላት፣ ዲዳክቲብል የሚሏት። ሰው ዝቅ ያለውን ይመርጣል፣ ቆንጆ ስለሚመስል። እኔ ተቃራኒውን ነው የምመክርህ፣ ባንክ ውስጥ ሳትነካት የምታስቀምጣት ገንዘብ ስንት ናት? 1,500 ዶላር ከሆነች ዲዳክቲብልህ ወደዛ ይጠጋ፣ አረቦኑ ወዲያው ይወርዳል። ለጉንፋንና ለተቅማጥ ኢንሹራንስ አትግዛ፣ ለሱ ፋርማሲ አለ። ተመላላሽ ሕክምና፣ ጥርስ፣ መነጽር፣ ቼካፕ የሚሉትን ሁሉ አውጣቸው፣ የሚቀረው ተኝቶ መታከም፣ ኦፕራሲዮን፣ ኢቫኩዌሽንና አስከሬን ነው። እንዲህ ተላጭቶ 2,400 የተባለው ምን ያህል እንደሚወርድ አይተህ ንገረኝ።

በየአራት ሳምንቱ የሚታደሰው ዓይነት ላይ አንድ የሚያስጠላ ነገር አለ። አንዳንዶቹ ውሉ ሲታደስ ወይ ዓመቱ ሲያልቅ እንደ አዲስ ነው የሚያዩህ። በአሥራ አንደኛው ወር የልብ ችግር ቢገኝብህ በአሥራ ሦስተኛው ወር "ከዚህ በፊት የነበረ በሽታ" ሆኖ ይወጣል። የዓመቱ ውድ የሆነበት አንዱ ምክንያት ታመህም ስታድስ እንዳያባርሩህ ቃል ስለሚገባ ነው፣ ገቡልህ ወይ ብለህ እይ።

ስለ ነባር በሽታ ካነሳን ጨጓራህ። "ቀላል ነች" ብለህ ፎርሙ ላይ እንዳትዘላት። ሞራቶሪየም የሚባል አሠራር አለ፣ ምንም አይጠይቁህም፣ ያለፉት አምስት ዓመታት ውስጥ የነበረብህን ግን ሁለት ዓመት ያለ ምልክት ካልቆየህ አይሸፍኑም። ደስ ይላል ፎርም የለውም፣ ሰው ይወደዋል። ያንተ ጉዞ ግን ስንት ዓመት ነው? ሁለት። ልክ መሸፈን ሲጀምርልህ አንተ ባህር ዳር አውቶቡስ መናኸሪያ ቆመሃል። ስለዚህ ሙሉ የጤና ታሪክ የሚጠይቀውን ዓይነት ምረጥ፣ ጨጓራህን ጻፍ፣ ከክሊኒክ አጭር ደብዳቤ አያይዝ፣ ወይ ይቀበሏታል ወይ ያስወጧታል፣ ቢያንስ ታውቀዋለህ። በሷ ሰበብ ሌላ የሆድ ሕመም ሁሉ "ከጨጓራው ጋር የተያያዘ ነው" እንዳይሉህ የት ድረስ እንደሚያስወጡ በጽሑፍ አስወስን።

ከመሄድህ በፊት እዚሁ በብር የምትጨርሳቸውን ጨርስ። ጥርስህን ታይ፣ ባህር ላይ ጥርስ የታመመ ሰው ስታይ ታዝናለህ። ጣና ዳር ስንዋኝ ያደግን ሰዎች ደሞ ቢልሃርዚያ ሊኖርብን ይችላል፣ ሰገራ ምርመራ አድርግ፣ መድኃኒቱ ቀላል ነው፣ ማርቲኒክ ላይ ያንኑ በሽታ ፍለጋ ስንት ምርመራ እንደሚያዙብህ አትጠይቀኝ። የቢጫ ወባ ካርድህን ፈልግ፣ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2016 ወዲህ ለዕድሜ ልክ ነው የሚያገለግለው፣ ካሪቢያን ላይ ከአፍሪካ የመጣን ሰው ይጠይቃሉ። የመርከበኛ የጤና ሰርተፍኬትህ ሁለት ዓመት ነው የሚቆየው፣ አዲስ ካወጣህ ለኢንሹራንሱም ጤነኛ እንደነበርክ ማስረጃ ይሆንሃል።

ስምህን አስተካክል። ይሄ ቀልድ ይመስላል ግን ክሌም ሲጓተት ያየሁት በዚህ ነው። ፓስፖርትህ ላይ የአያትህ ስም እንደ ቤተሰብ ስም ገብቷል፣ የመርከበኛ መታወቂያህ ላይ የአባትህ፣ የልደት ቀንህ ደሞ አንዱ ላይ ከእኛ አቆጣጠር ሲቀየር አንድ ዓመት ተሳስቷል። ሆስፒታሉ በአንዱ ስም ደረሰኝ ይቆርጣል፣ ኢንሹራንሱ በሌላው ያውቅሃል፣ ሁለት ሰው ሆነህ ትከራከራለህ። ሁሉንም በፓስፖርቱ አጻጻፍ አድርግ፣ ፊደል በፊደል።

ክፍያው በዶላር ስለሆነ ከዚህ በካርድ መክፈል ሊያንገላታህ ይችላል፣ ቀላሉ መንገድ ሰዎቹ በራሳቸው ካርድ ከፍለው ከኪስ ገንዘብህ ቢቆርጡ ነው። ውሉ ላይ ግን ኢንሹራንስ የተገባለት አንተ መሆንህንና መኖሪያ አገርህ ኢትዮጵያ ተብሎ መሞላቱን እይ። ሆላንድ ብለው ከሞሉልህ አረቦኑም ይለያያል፣ በኋላም ሰበብ ይሆናል። ከአገርህ ሳትወጣ ካልተገዛ የማይሠራ ውልም አለ፣ ግሪክ ደርሼ እገዛለሁ አትበል።

ብትታመም መጀመሪያ የምትደውለው ለኢንሹራንሱ የ24 ሰዓት ስልክ ነው፣ ራስህን ካልሳትክ በቀር። ለሆስፒታሉ እንከፍላለን የሚል ደብዳቤ የሚልኩት እነሱ ናቸው፣ ያ ደብዳቤ ከሌለ የግል ሆስፒታል ካሽ አስይዝ ይልሃል። ደረሰኝ፣ የሐኪም ሪፖርት፣ የጀልባው ሎግ ቡክ (የጉዞ መዝገብ) የዛን ቀን ገጽ፣ የፓስፖርት ማህተም፣ ሁሉንም ፎቶ አንስተህ ለራስህም ለእህትህም በቴሌግራም ላክ። ወረቀት ጀልባ ላይ ይረጥባል።

እናትህን በተመለከተ ብዙ የሚወራ የለም፣ ያንተ ኢንሹራንስ እሷን አይነካም፣ የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባልነቷ በዓመቱ እንዲታደስ ለእህትህ ገንዘቡን አስቀምጥላት፣ የማደሻው ወቅት ካለፈ በኋላ መለመን ነው። ካርዱ ከአገር ውጪ አይሠራም፣ አንዳንዱ ሰው ይዞት ሲሄድ አይቻለሁ።

እጮኛህ ደሞ ካንተ ትቀላለች። ደሞዝ የላትም፣ እንግዳ ናት፣ ከደሴት ደሴት እንጂ ውቅያኖስ አታቋርጥም፣ ስለዚህ ያ ያማለለህ ርካሹ ውል ለሷ ልክ ሊሆን ይችላል፣ 12 ማይሉን ብቻ አረጋግጥ፣ አንዳንዱ ደሴት ከቀጣዩ ከዛ በላይ ይርቃል። እርግዝናን ግን ርካሾቹ አይሸፍኑም፣ የዓመቱም ቢሆን ብዙ ጊዜ አሥር ወር ወይ ዓመት ጠብቅ ይላል፣ ሰርጉን ከጉዞው በፊት ካሰባችሁት ይሄን ሁለታችሁም ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት፣ እኔ አልገባም። የሰዎቹን መልስና የ2,400 ዶላሩን ውል ሙሉውን ላክልኝ፣ ማስታወቂያውን ሳይሆን "ትርጉም" እና "የማይሸፈኑ" የሚሉት ገጾች ያሉበትን፣ ፕሪንት አድርገህ ብታመጣው ደሞ ይሻላል፣ ሐይቁ ዳር ቡና እየጠጣን በእስክሪፕቶ እናሰምርበታለን።